ባጃጁ ሲያረጅ ማን ይጠግነዋል?

ነገሌ ቦረና መሃል ከተማ ላይ ቆሞ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ገበያ ልሂድ ያለ ሰው ምርጫው ጥቂት ነው። ባጃጅ አለ፤ እግር አለ፤ ዕቃ ከያዘ የአህያ ጋሪ አለ። ከመናኸሪያው የሚወጡት አውቶቡሶችና ቅጥቅጦች ወደ ክብረ መንግሥትና ሻሸመኔ፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ወደ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ የሚያቀኑ እንጂ የከተማውን ሰው ከሰፈር ሰፈር የሚያመላልሱ አይደሉም። ስለዚህ በደቡቡ ቆላ ከተሞች "የከተማ ትራንስፖርታችን አረጀ፤ ምን ይሻላል?" ሲባል የሚወራው ስለ ባጃጅ ነው። ያቤሎ ከዋናው የሞያሌ መንገድ ገባ ብላ ስለተቆረቆረች ከመገንጠያው የወረደ መንገደኛ የመጀመሪያ ጉዳዩ ባጃጅ ነው። ሞያሌ ላይ ኬላውን የተሻገረ መኪና በኬንያ ሕግ ግራውን ይዞ መንዳት ይጀምራል፤ ሦስት እግሯ መኪና ግን በሁለቱም ወገን ያው ሥራዋን እየሠራች ትገኛለች።

ጥያቄው የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬናቸው የላላ፣ መብራታቸው የጠፋ፣ ሸራቸው የተቀደደ ባጃጆች በየከተማው ይታያሉ። ለእግረኛ መንገድና ለአስፋልት ውበት የሚጨነቀው የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ከዘለቀ ወዲህ ደግሞ አሮጌ ባጃጅ ከዋናው ጎዳና ይውጣ የሚለው ድምፅ ከፍ ብሏል። ከዚህ ድምፅ ጎን "ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ቤንዚኑን ጥለን ወደዚያ እንግባ" የሚሉ አሉ። "ተዉን፣ የሠራነውን ይዘን እንብላ" የሚሉት ሾፌሮችና ባለንብረቶችም አሉ። ሦስቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል። ሦስቱም ግን የሚከራከሩት ስለ ተሽከርካሪው ነው፤ እኔ ደግሞ ክርክሩ ከጋራዡ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ።

ከአስፋልቱ ማስወጣት ቀላሉ ውሳኔ ነው፤ ውጤቱም በቶሎ ይታያል። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ የባጃጅ አገልግሎትን በመላ ከተማዋ ስታግድ ዳር ዳሩ ላይ የሚኖረው ሰው በማግስቱ በእግሩ ሲያዘግም ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ ዕገዳው በከፊል ላላ። ለጸጥታ ሲባል ባጃጅ በምሽት የሚከለከልባቸው ከተሞችም በየክልሉ አሉ፤ በነዚህ ከተሞች ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል እንዴት እንደምትደርስ መጀመሪያ የሚጨነቀው ጎረቤቷ ነው። አዲስ አበባ እንኳ አንበሳ አውቶቡስና ሚኒባስ ታክሲ እያላት ያልቻለችውን፣ ከባጃጅ ሌላ የሌላት ከተማ ትችለዋለች ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ነገሌ ውስጥ ባጃጅ ታክሲ ብቻ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ወተት በጀሪካን ይዘው የሚገቡ ሴቶች ገበያ የሚደርሱበት፣ ፍየል የገዛ ሰው ፍየሉን ከእግሩ ሥር አስተኝቶ ቤቱ የሚገባበት፣ በሽተኛም ሬሳም የሚጫንበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ላንሣ፤ የነገሌ ሰው ያውቀዋል፣ ሌላው አንባቢ ግን ከትራንስፖርት ጋር አያይዞ ላያስበው ይችላል። በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር መጀመሪያ ነገሌ ላይ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። የምግቡ ነገር አስመርሯቸው ነበር፤ የውሃ ፓምፑም ተበላሽቶ ጠጋኝ አጣ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ነገሩን ለማብረድ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ታግተው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረጉ። ከወር በኋላ፣ የካቲት 11 ቀን፣ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ንሮ ቤንዚን ሲወደድባቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፤ አልበቃም። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ያው የካቲት ሳይወጣ ሥልጣኑን ለቀቀ። ስለ አብዮቱ ብዙ ተጽፏል፤ ለዛሬው ነገሬ ግን የምፈልገው አነሰ ያለውን ጉዳይ ነው። ያ ፓምፕ ሲገዛ ገንዘብ ተገኝቶለታል፤ ሲበላሽ ግን መለዋወጫ የሚያመጣ፣ ብሎን የሚያጠብቅ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው የሚል አልተገኘለትም።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው መስመር ሥራ ጀመረ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው ተከተለ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። 41 ባቡሮች መጡ። ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ስለነበር ሕዝቡ ወደደው፤ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ባለጉዳዩ ተጨናንቆ ሄደበት። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ግን ከ41ዱ የሚበዙት መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የቲኬቱ ገቢ ደግሞ በብር፣ ያውም በሳንቲም ደረጃ ነበር። ባቡሩ ገና ልጅ እያለ ነው ያረጀው። ተሳፋሪ ግን አልጠፋበትም።

ባጃጅ በዚህ በኩል ባቡሩን ይበልጠዋል። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ የሚሠራት ሦስት እግር መኪና አንድ ትንሽ ሞተር፣ ጥቂት ገመድና ጥቂት ቆርቆሮ ናት። ካንዴላው ሲቃጠል ሾፌሩ ራሱ ይቀይረዋል። የፍሪሲዮን ገመድ ሲበጠስ ከመንገድ ዳር ካለ ሱቅ ይገዛል። ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታው ጥግ ላይ ነው። ከባድ ዕቃ ሲጠፋ ከመርካቶ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ይመጣል። የመካኒኩ ጋራዥ ብዙ ጊዜ አንድ ዛፍ ሥር ነው፤ ሥራውንም የተማረው ከታላቅ ወንድሙ ነው። ነገሌን የሚያህል፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ግድም የራቀ ከተማ ያለ መንግሥት በጀት ከተማ አቀፍ ትራንስፖርት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ አገልግሎቱ ከነጥገናው እዚያው ያድጋል፣ እዚያው ይኖራል።

ታዲያ እንዲህ በቀላሉ የሚጠገን ነገር ስለምን ያረጃል? መልሱ ያለው በኮረኮንቹ ላይ ብቻ አይደለም። ያለው በገቢው ላይ ነው።

የባጃጅ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለንብረቱ ነጋዴ፣ መምህር፣ ፖሊስ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ ጠዋት ባጃጁን ይረከባል፤ ማታ የተቆረጠ ገንዘብ ያስገባል፤ ይህ "ገቢ" ይባላል። ቤንዚኑ የሾፌሩ ነው፤ ከገቢውና ከቤንዚኑ የተረፈው ኪሱ ይገባል። ገቢው ዝናብ ጣለ አልጣለ፣ ቤንዚን ጠፋ ተገኘ፣ ገበያ ቀን ሆነ አልሆነ አይቀንስም። ሾፌሩ እንግዲህ ምን ያድርግ? ኋላ ሦስት ሰው ለመጫን በተሠራች መኪና ላይ ከጎኑ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ይጨምራል። ከመስመር ይልቅ ኮንትራት ያሳድዳል። ዘይት የሚቀየርበትን ቀን በአንድ ሳምንት፣ ከዚያ በሌላ ሳምንት ያስተላልፋል፤ ዘይት ለመቀየር የቆመበት ግማሽ ቀን ገቢውን ያጎድልበታላ። ባለንብረቱም በበኩሉ ሞተሩን የሚሰማው ሲጮኽ ነው። ትንሽ ብልሽት የሾፌሩ፣ ትልቅ ብልሽት የባለንብረቱ ነው ይባላል፤ ትንሹ በሾፌሩ ችላ ተብሎ ትልቅ ሲሆን ማን ይክፈል የሚለው ጠብ ነው። ቦሎ የሚወጣበት ወቅት ሲደርስ መብራት ይገጠማል፣ ፍሬን ይጠበቃል፣ ቀለም ይቀባል፤ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በሦስት ዓመት መድረስ የማይገባው እርጅና በዚህ መንገድ በሦስት ዓመት ይደርሳል። አዲስ ባጃጅ፣ የኤሌክትሪክ ይሁን የቤንዚን፣ በዚሁ ውል ላይ ከመጣ መጨረሻው ያው ነው።

ነዳጁም የራሱን ያህል ያስረጃል። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ቤንዚን በሊትር 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ከ100 ብር አለፈ። ድጎማ መነሣቱ በኢኮኖሚ ባለሙያ ዓይን የሚያስኬድ ነው ይባል ይሆናል፤ ማደያ ላይ ቤንዚን በማይገኝባት ከተማ ግን ዋጋው የሚታወቀው በማደያው ሰሌዳ ላይ አይደለም። የሚታወቀው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው። በ2017 የጸደቀው የነዳጅ አዋጅ በሕገ ወጥ ሽያጭ ላይ ከባድ ቅጣት ጥሏል፤ ቅጣቱ ጠርሙሱን ከመንገድ ዳር ወደ ጓሮ ያስገባው እንደሆነ እንጂ ባጃጁ ያለ ቤንዚን አይሄድ። በጠርሙስ የሚሸጠው ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩም በወጉ አያውቅ። ካርቡሬተሩ ሲደፈን፣ ሞተሩ ጭስ ሲተፋ "አሮጌ ነው" እንላለን እንጂ የጠጣው ምን እንደነበር አንጠይቅም።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ደጋፊዎች ጆሮ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ክርክራቸው ጠንካራ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ እንዲቀር ተወስኖ ነበር፤ ተበትኖ ለሚገባ የጉምሩክ ቀረጥ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ተገጥሞ ለሚመጣ 15 በመቶ ነበር። ኃይሉም ሩቅ አይደለም። በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራው ገናሌ ዳዋ 3 በ2012 ዓ.ም. ጥር ተመርቋል፤ 254 ሜጋ ዋት ነው፤ ያለውም በዚሁ በጉጂና በባሌ ድንበር ነው። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ከመጠበቅ ይልቅ የገዛ ወንዝን ኃይል መጠቀም ማን ይጠላል? ነገር ግን ግድብ ላይ ኃይል ማመንጨትና ያንኑ ኃይል በሰፈር ትራንስፎርመር በኩል ለአንድ መቶ ባጃጅ ሌሊቱን ሙሉ ሳይቆራረጥ ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የቆላ ከተሞች ነዋሪ የሚያማርረው በሁለተኛው ነው።

ከመብራቱ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ባትሪው ነው። ቤንዚን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይከፈላል፤ የሚከፍለውም ሾፌሩ ነው። ባትሪ ማለት የብዙ ወራት ነዳጅ በአንድ ጊዜ ገዝቶ ማስቀመጥ ማለት ነው፤ የሚከፍለውም ባለንብረቱ ነው። ርካሹ የሊድ አሲድ ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ዶሎ ኦዶን በመሰለ ስፍራ ዕድሜው ያጥራል። ሲሞት ወጪው አንድ ላይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ባለንብረቱ ወይ ገቢውን ይጨምራል፣ ወይ ያለቀውን ባትሪ ይዞ ሾፌሩን ግማሽ ቀን ብቻ ያሠራል። ዛሬ በዘይት ላይ ያለው ጠብ ነገ በባትሪ ላይ ይሆናል፤ ያውም በብዙ እጥፍ ከፍ ባለ ዋጋ። ኪጋሊ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሚያቀርበው አምፐርሳንድ የሚባለው ኩባንያ ይህን ችግር በአንድ ብልሃት አልፎታል፤ ባትሪውን ለነጂው አይሸጥለትም። ነጂው ጣቢያ ላይ ያለቀውን አስረክቦ የሞላውን ይወስዳል፤ የሚከፍለው ለተጠቀመበት ኃይል ነው። ባትሪው ሲያረጅ ራስ ምታቱ የኩባንያው ነው። ነገሌ ላይ የኪጋሊውን የሚያህል ኩባንያ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ የባጃጅ ማኅበር ግን አለ፣ ሰዉም ከእቁብ ጋር ለዘመናት የተዋወቀ ነው።

ማኅበሩ ዛሬ የሚሠራው ተራ ማስከበር፣ ታፔላ ማስወጣትና ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ነው። የጥገና ፈንድ ቢኖረውስ? ከእያንዳንዱ ባጃጅ በየቀኑ ከገቢው ላይ ጥቂት ብር ተቆርጦ ለዘይት፣ ለፍሬን ሸራና ለኩሽኔታ ብቻ ቢውል፣ ዘይት የተቀየረበት ቀን በማኅበሩ መዝገብ ቢሰፍር፣ ዘይት የሚቀየርበት ግማሽ ቀን ደግሞ ገቢ የማይጠየቅበት ቢሆን፣ ያረጁ የምንላቸው ባጃጆች ግማሹ አሮጌ መሆናቸው ይቀራል ብዬ አምናለሁ። ይህ ሕግ ማውጣትም፣ ብድር ማምጣትም አይፈልግም። የሚፈልገው ባለንብረቱ ለአንድ ግማሽ ቀን ገቢ እንዲያጣ ማሳመን ነው፤ እርግጥ ይህ ራሱ ቀላል አይደለም።

ከተማ አስተዳደሩ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ሊያደርገው የሚችለው ከባድ ያልሆነ ነገር ቢኖር የሞዴሉን ብዛት መወሰን ነው። የኤሌክትሪክ ሦስት እግር ከየፋብሪካው እየመጣ ነው፤ የአንዱ ኮንትሮለር ለሌላው አይሆንም፣ የአንዱ ቻርጀር ሌላውን አይሞላም። ዐሥር ዓይነት ባጃጅ ያላት ትንሽ ከተማ የአንዱንም መለዋወጫ አታከማችም። አንድ ወይም ሁለት ሞዴል ብቻ ታፔላ የሚያገኝባት ከተማ ግን የመለዋወጫ ሱቅ ይከፈትባታል፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህርም አንድ ሞተር ፈትቶ ገጥሞ ማስተማር ይችላል። ይህን የሚቃወም ይኖራል፤ ነፃ ገበያ ነው፣ ሙስናም ይገባበታል ይላል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ሁሉም የፈለገውን አስመጥቶ በዓመቱ በየግቢው ቆርቆሮ ሲያከማች ማየት ከዚያ ይብሳል።

በመሃል መስመር፣ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል ባለው አስፋልት፣ ባጃጅን በሚኒባስ እንተካ የሚለውን ሐሳብ በተመለከተ ነገሌ ለዚያ ገና ትንሽ ናት እላለሁ። በ1999ኙ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ35 ሺህ ጥቂት ያለፈ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ቆጠራ አላደረገችም፤ ከተማዋ ማደጓ በዓይን ይታያል። በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ተዋቅሮ ነገሌ መቀመጫው ስትደረግ የተነሣው ተቃውሞ ምን ያህል ስሱ ቦታ ላይ እንዳለች አሳይቷል፤ መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቆመው ባጃጅ ነው፣ የሚኒባስ ባንክ ዕዳ ደግሞ አይቆምም። ሚኒባሱ ቢመጣ እንኳ የሚያተርፈው በገበያ ቀን ነው፤ በሌላው ቀን አስፋልት ላይ ተሳፋሪ እየጠበቀ ሞተር ያሞቃል።

አንድ ሌላ ነገር በዚህ ክርክር ውስጥ ተረስቷል። ከ2013 ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ ጋና የሚባለው ዝናብም ሀጋያ የሚባለውም እምቢ አለ፤ ከብቱ አለቀ። ከብት ያለቀበት ቤት ልጅ ወደ ከተማ ወጣ። ከነዚህ ልጆች ስንቱ ዛሬ መሪ እንደያዘ የቆጠረ የለም፤ ባጃጅ ተራው ላይ ግን ከሾፌሮቹ ጋር የተቀመጠ ሰው ስለ ላምና ስለ ግመል የሚወራውን መስማቱ አይቀርም። ለነዚህ ልጆች ባጃጅ ትራንስፖርት ሳይሆን የጠፋው መንጋ ምትክ ነው። አሮጌው ይወገድ ሲባል ልጁ ወዴት እንደሚሄድ አብሮ ካልተነገረ ክርክሩ የተሽከርካሪ ክርክር መሆኑ ያበቃል።

እንግዲህ አንድ ነጋዴ አዲስ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ይዞ ነገሌ ሲመጣ፣ ማኅበሩና ከተማ አስተዳደሩ ስለ ዋጋውና ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃቸው በፊት ኮንትሮለሩ ቢቃጠል ምትኩ ያለው የት ነው ብለው ይጠይቁት። አዲስ አበባ ነው ካለ፣ ከአዲስ አበባ ነገሌ በደህናው ጊዜ እንኳ ረጅም መንገድ ነው፤ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚሆን ሾፌሮቹ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በእነዚያ ቀናት ገቢው ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም የሚለው መልስ በውሉ ላይ ተጽፎ፣ ባለንብረቱና ሾፌሩ ፈርመውበት ሳይታይ ታፔላው ባይሰጥ ጥሩ ነው።